አብሾና የማስታወስ መድኃኒት ምርመራ

(በደብረ ማርቆስ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነገረ)



እንድንናገር የተሰጠን ርእስ «የማስታወስን ኀይል የሚያበረታ መድኃኒት የአንጎልን ሕዋሳት ከብግነት ያድናቸዋልን?» የሚል ነው። ርእሱ ከሩቅ አገር ላቦራቶር የመጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጎጃም ውስጥ አድጎ ስለ ማስታወስ መድኃኒት ያልሰማ ሰው አይገኝም። ከዲማ እስከ ዋሸራ፣ ከጎንጅ እስከ ደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ ጉባኤ በተተከለበት ሁሉ አብሾ የሚባል ስም ይነሣል። ስለዚህ ነገሩን ከቤታችን ጀምረን ወደ ላቦራቶሩ እንሄዳለን። የምንጠራቸው ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልንባቸው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ርእሱን በዚህ ሰዓት ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ፈተናው በቀረበ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉ በሹክሹክታ የሚጠየቀውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አብሾ ከማን ይገኛል? በምን ይወሰዳል? ስንት ፍሬ ይበቃል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሰው የሚሞትበት ጥያቄ ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

እንደሚነገረው ከሆነ አብሾ የሚሰጠው በየኔታ ፈቃድ፣ በተቆጠረ ቀን፣ በጾምና በጸሎት ነው። የወሰደው ተማሪ ያዳመጠውን አይረሳም ይባላል። ዋጋም አለው፤ ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ እንደ ሆነ አብሾው ይነሣበታል፤ ይለፈልፋል፣ ይደባደባል፣ አንዳንዱም ልብሱን ጥሎ ዱር ይገባል። ዛሬም በከተማችን ጠጅ ቤት አንድ ሰው በሁለት ብርሌ ጠባዩ ከተለወጠ፣ የቅኔ ጉባኤ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅም ቢሆን፣ «አብሾ አለበት» ይባልለታል።

አዘገጃጀቱ የመምህራን ምሥጢር ነው፤ ከመምህር መምህርም ይለያያል። ብዙው ሰው ግን አብሾን የሚያያይዘው ከአስተናግር ጋር ነው። አስተናግርን የማያውቅ የለም፤ በመንገድ ዳርና በጉድፍ መጣያ ላይ የሚበቅል፣ አበባው ነጭና እንደ መለከት የረዘመ፣ ፍሬው እሾኻም፣ እንስሳ እንኳ የሚሸሸው ቅጠል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ዳቱራ ስትራሞኒየም ይሉታል። (እነዚሁ ሊቃውንት የዚህ ተክል መነሻ አሜሪካ ነው ይላሉ። እንግዲህ አብሾ በእርግጥ ከዚህ ቅጠል የሚሠራ ከሆነ፣ አንዳንዶቻችን እንደምንመካው ከቅዱስ ያሬድ ዘመን የወረደ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።)

ስሙ ራሱ ሥራውን ይመሰክራል፤ አስተናግር ማለት የሚያናግር ማለት ነውና። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፤ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ልቡ በኀይል ይመታል፤ ሰውነቱ ይግላል፤ ሽንቱ ይታገዳል። ከዚያም በአጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፣ በአየር ላይ የሌለውን ነገር ይለቅማል። ሲነቃ ደግሞ ያደረገውንም የተናገረውንም አያስታውስም። የማስታወስ መድኃኒት የተባለው ነገር የመጀመሪያ ሥራው ማስረሳት መሆኑን ልብ በሉልን።

የዚህ ምክንያቱ ዛሬ የታወቀ ነው። በአስተናግር ቅጠል፣ ሥርና ፍሬ ውስጥ አትሮፒን፣ ሃዮስያሚንና ስኮፖላሚን የተባሉ ኀይለኛ ቅመሞች አሉ። የእነዚህን ሥራ ለማስረዳት ስለ አንድ መልእክተኛ መናገር ያስፈልገናል። በ1921 ኦቶ ሎዊ የተባለው ሊቅ በሁለት የእንቁራሪት ልቦች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ነርቭ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ፈሳሽ ቅመም በማፍሰስ መሆኑን አሳየ። ያ ቅመም አሴቲልኮሊን ነው፤ ሎዊም በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። አሴቲልኮሊን በአንጎል ውስጥ ትኩረትንና አዲስ ነገር መያዝን ከሚያገለግሉት መልእክተኞች አንዱ ነው። ስኮፖላሚን የሚያደርገው መልእክተኛው የሚገባበትን ደጅ መቀርቀር ነው። መልእክተኛው ይመጣል፤ ደጁ ግን አይከፈትለትም።

በ1974 ድራክማንና ሌቪት የተባሉ ተመራማሪዎች ለጤነኞች ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው ቢፈትኗቸው፣ ወጣቶቹ አዲስ ነገር በመያዝ ረገድ ከአረጋውያን ጋር የሚመሳሰል ድካም አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላቦራቶሮች አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ፤ አዲስ የማስታወስ መድኃኒት ለመፈተን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ አይጦቹን በስኮፖላሚን ያስረሳቸዋል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ትዝታቸውን ይመልስላቸው እንደ ሆነ ያያል። እኛ ተማሪን ሊቅ ያደርጋል የምንለው ቅመም፣ እነሱ ዘንድ አይጥን ለማደንቆር የሚወጋ መርፌ ነው።

ታዲያ የኔቶች ዋሹን? እኛ እንደዚያ አንልም። አብሾ ወስዶ ሊቅ የሆነው ሰው ስሙ ይነሣል፤ ወስዶ ያበደው ወይም ምንም ያልያዘው ግን «አልያዘለትም» ተብሎ ይታለፋል፤ ሳይወስድ ሊቅ የሆነውንማ ማንም አልቆጠረውም። ሦስቱን ጎን ለጎን የቆጠረ ሰው ስለሌለ የመድኃኒቱ ዝና በአንድ እግሩ ቆሞ ኖረ። ሁለተኛው ነገር ትምህርቱ ራሱ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ቁራሹን ለምኖ፣ ማታ ደበሎውን ደርቦ፣ የሰማውን እየመላለሰ ያጠናል፤ ነገውኑ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ይቀጽላል። በ1885 ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በራሱ ላይ በሠራው ምርመራ፣ ትምህርት በየጊዜው ተከፋፍሎ ቢከለስ በአንድ ጊዜ ከሚታጨቀው ይልቅ እንደሚጸና አሳይቷል፤ የእኛ ጉባኤ ቤቶች ይህን የሚያውቁት ያለ እሱ ነው። ሦስተኛም፣ አብሾው ይነሣብኛል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ጠላ የማይቀምስ ተማሪ ከሚቀምሰው ይልቅ ሌሊቱን ለጥናት ማግኘቱ አያስደንቅም። ምናልባት ከሐኪሙ ትእዛዝ ውስጥ የሠራው ክልከላው ሊሆን ይችላል። አብሾ ለዓመታት በሆድ ተቀምጦ በአረቄ ይነሣል የሚለው ግን ከአስተናግር ቅመሞች ጋር አይስማማም፤ አትሮፒንም ስኮፖላሚንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣሉና።

አሁን ደጁን ከሚቀረቅረው ወደ ተቃራኒው፣ ይኸውም መልእክተኛው ቶሎ እንዳይጠፋ ወደሚያደርገው መድኃኒት እንሻገር። አሴቲልኮሊን ሥራውን እንደ ፈጸመ የሚያፈርሰው ሌላ ቅመም በሰውነታችን አለ፤ ይህን አፍራሽ የሚያግድ መድኃኒት መልእክተኛውን ያቆየዋል። የመጀመሪያው የታወቀው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከካላባር ባቄላ የወጣው ፊዞስቲግሚን ነው፤ በመርዝነቱ ሰው ይፈረድበት የነበረው ያ ባቄላ ከ1864 ጀምሮ የአትሮፒን መርዝ ማርከሻ ሆኖ ተሠርቶበታል። በ1976 በብሪታንያ በአልዛይመር በሽታ የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር አሴቲልኮሊንን የሚሠራው ቅመም እጅግ ጎድሎ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ በ1993 ታክሪን፣ በ1996 ከጃፓን የመጣው ዶኔፔዚል፣ በ2001 ደግሞ በመጀመሪያ ከአበባ ሥር የተገኘው ጋላንታሚን በአሜሪካ ተፈቀዱ። እነዚህ መድኃኒቶች ለበሽተኛው ጥቂት ይረዱታል፤ በሽታውን ግን አያቆሙም። ለጤነኛ ተማሪ ፈተና የተሠሩም አይደሉም።

የርእሳችን ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። መልእክተኛውን ማቆየት ትዝታን ለጊዜው ያነቃል እንበል፤ ሕዋሱን ራሱን ከሞት ያድነዋልን? በ1919 ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በአንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የተባሉትን ትንንሽ ሕዋሳት ለይቶ አሳወቀ። እነዚህ የአንጎል ዘበኞች ናቸው። ጠላት ሲገባ ወይም ሕዋስ ሲሞት ይቆጣሉ፤ ጠላትን የሚያቃጥል ቅመም ያፈሳሉ፤ ብግነት የምንለው ይህ ነው። ለጥቂት ቀን ሲሆን ያድናል። ሳይበርድ ሲቆይ ግን፣ ሌባ ሊያባርር የወጣ ዘበኛ የጎረቤቱን ሰብል እንደሚረግጥ፣ ጤነኛውን ነርቭ ይጎዳል።

በ2000 ኬቪን ትሬሲና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ምርመራ ሁለቱን ነገሮች አገናኛቸው። ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደውን ቬገስ የተባለ ነርቭ በአይጦች ላይ ቢቀሰቅሱት፣ በባክቴሪያ መርዝ የተነሣው የሰውነት መቆጣት በረደ። በ2003 ደግሞ አሴቲልኮሊን በዘበኞቹ ሕዋሳት ላይ የሚያርፍበትን አልፋ 7 የተባለ መቀበያ አመለከቱ። እንግዲህ መልእክተኛው ለትዝታ ብቻ ሳይሆን ዘበኛውን «በቃህ» ለማለትም ያገለግላል ማለት ነው። ስለዚህ መልእክተኛውን የሚያቆይ መድኃኒት ብግነትንም ያበርድ ይሆናል የሚለው ሐሳብ በቂ ምክንያት አለው። ምክንያት ያለው ሐሳብ ግን ገና ማስረጃ አይደለም።

እንዴት ይመረመራል? እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ ፍቀዱልን፤ በወረቀት ላይ «ሕዋሳትን ያድናል» ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ነውና። 96 ትንንሽ ጎድጓዳ ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ይወሰዳል። በየጎድጓዳው የማይክሮግሊያ ሕዋሳት ይዘራሉ። ለአንዱ ረድፍ ምንም አይጨመርም። ለሁለተኛው መድኃኒቱ ብቻ፤ ለሦስተኛው ከባክቴሪያ ቅርፊት የሚወጣው፣ ዘበኛውን የሚያስቆጣው ሊፖፖሊሳካራይድ ብቻ፤ ለአራተኛው ሁለቱም ይጨመራሉ። በማግሥቱ በፈሳሹ ውስጥ የወጣው የቁጣ ቅመም ይለካል። አንደኛው መለኪያ ግሪስ የተባለው ነው፤ ቁጣው በበዛ መጠን ፈሳሹ ወደ ሐምራዊ ቀይ ይሄዳል። ሕዋሳቱ በሕይወት መኖራቸው ደግሞ በሌላ ቀለም ይታወቃል፤ ሕያው ሕዋስ ያን ቢጫ ቀለም ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ የሞተ አይለውጠውም።

አራተኛው ረድፍ ከሦስተኛው ይልቅ ቢገረጣ መድኃኒቱ ሠራ እንላለን? ገና ነው። መድኃኒቱ ዘበኞቹን ገድሏቸው ቢሆንስ? የሞተ ዘበኛ አይቆጣም፤ ፈሳሹም ይገረጣል፤ ያላስተዋለ ሰው ጥፋቱን ፈውስ ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ብቻ የሆነው ሁለተኛው ረድፍ የይምሰል አይደለም፤ ዳኛው እሱ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ቀለም ያለው ወይም ቀለሙን የሚያጠፋ ከሆነም መለኪያው ይዋሻል፤ በተለይ የቅጠል ጭማቂ ሲመረመር ይህ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከዚህም ሌላ፣ የዘበኛው ቁጣ መብረዱ ነርቩ ዳነ ማለት አይደለም፤ ፈሳሹ ተቀድቶ በነርቭ ሕዋሳት ላይ ፈስሶ፣ ከእነሱ ስንቱ እንደ ተረፈ መቈጠር አለበት።

የጊዜም ነገር አለ። ብዙው ምርመራ መድኃኒቱን የሚሰጠው ከመርዙ በፊት ነው፤ ይህ ለመድኃኒቱ የሚያዳላ ነው። በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚመጣው ግን እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ አምስተኛ ረድፍ ያስፈልጋል፤ መርዙ ቀድሞ፣ መድኃኒቱ ዘግይቶ። የመጠኑም ነገር እንደዚሁ ነው። በጎድጓዳው ውስጥ የፈሰሰው መድኃኒት በሰው ደም ውስጥ ሊደርስ ከሚችለው መቶ እጥፍ ከሆነ፣ ምርመራው ስለ ሰሌዳው እንጂ ስለ ሰው አልተናገረም። ሰሌዳውን የሚያነበው ሰውም የትኛው ረድፍ መድኃኒት እንዳለበት ባያውቅ ይመረጣል፤ ዓይን የሚወደውን ያያልና።

በዚህ መንገድ ዶኔፔዚል ተፈትኗል፤ በሕዋስም በአይጥም የዘበኞቹን ቁጣ መቀነሱ ተጽፏል። በ2010 የወጣ አንድ ምርመራ የአንጎል ሕዋስ የሚያረግፍ በሽታ በዘር በተሰጣቸው አይጦች ላይ ብግነቱም የሕዋሱም ጥፋት እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ይህ መልካም ወሬ ነው። ነገር ግን ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ዓባይን በክረምት እንደ መሻገር ነው። በ2005 የታተመ ምርመራ ትዝታቸው መድከም የጀመረ 769 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለሦስት ዓመት ተከታተለ። በመጀመሪያው ዓመት ዶኔፔዚል ከወሰዱት ወደ በሽታው የገቡት ጥቂት ነበሩ፤ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ግን መድኃኒት ከሌለው ኪኒን ጋር ልዩነት አልተገኘም። ሕዋሱ በእርግጥ ቢድን ኖሮ ልዩነቱ በየዓመቱ መስፋት ነበረበት።

ብግነትን በቀጥታ የሚያበርዱትስ? ናፕሮክሰንና ሴሌኮክሲብ የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ከ2,500 በሚበልጡ አረጋውያን ላይ ሲፈተኑ፣ ለልብ ያሰጋሉ ተብሎ በታኅሣሥ 2004 መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ በሽታውንም እንደ ከለከሉ አልታየም። ማይክሮግሊያን የሚያረጋጋው ሚኖሳይክሊንም በብሪታንያ ከ500 በላይ በሽተኞች ለሁለት ዓመት ወስደውት፣ በ2020 የወጣው ውጤት ምንም ጥቅም አላሳየም። ሁለቱም በሰሌዳና በአይጥ ላይ ተስፋ የተጣለባቸው ነበሩ። እንግዲህ ለርእሳችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ በሕዋስ ደረጃ አዎን፣ በአይጥ ደረጃ ምናልባት፣ በሰው ደረጃ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም። ማስታወስን ማንቃትና ሕዋስን ማዳን ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ በአንዱ ምስክር ሁለቱን ማስፈረድ አይገባም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ስንላቸው «እናንተ የአገር ቅርስ ናቂዎች ናችሁ» ይሉናል። ለእነሱ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ እናነሣላቸዋለን። በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዶድ መድኃኒት ነው ብሎ ይፎክር ነበር። እሱ ግን ከአጣቢዎቹ በላይና በታች ያሉትን አስተያየ፤ ከዚያም ወደ ላቦራቶር ወሰደው። የውጭ ድርጅቶች የመርዛማነቱ ምርመራ በታወቀ ላቦራቶር ካልተደረገ አንቀበልም ብለው ለብዙ ዓመታት ቢያጉላሉትም አልተወውም፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘ። ያገሩን ቅጠል ያከበረው በመለካት ነው።

አብሾም እንዲህ እንዲከበር እንፈልጋለን። በመጀመሪያ ቅጠሉ፣ አበባውና ፍሬው ተጠፍጥፎና ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ይላክና ስሙ ይረጋገጥ፤ አብሾ የሚባለው ሁሉ አስተናግር ላይሆን ይችላልና፣ ከውስጡ ያልታወቀ ሌላ ቅጠል ቢገኝ እሱ ነው የሚያጓጓን። አዘገጃጀቱን የሚነግሩን የኔታ በፈቃዳቸው ይንገሩን፤ ዕውቀቱም በስማቸውና በጉባኤያቸው ስም ይመዝገብ፤ የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 በአገራችን አለ። ከዚያ ምርመራው ከላይ በተናገርነው ሰሌዳ ላይ ይጀመር። በተማሪ ሆድ ላይ አይጀመር።

«ስንት ፍሬ» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። በአስተናግር ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ከተክል ተክል፣ ከመሬት መሬት፣ ከወር ወር ይለያያል። አምና አንዱ የበላው ቁጥር ዘንድሮ ለሌላው መመዘኛ ሊሆን አይችልም። ከመካከላችን አፉ የደረቀ፣ ብሌኑ የሰፋ፣ ፊቱ የቀላና የሚቃዥ ጓደኛ ያገኘ ሰው ምንም ሳያጠጣው፣ ብቻውንም ሳይተወው ፈጥኖ ሐኪም ቤት ያድርሰው፤ የተረፈውን ፍሬ ወይም ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይሂድ። ማኅበራችንም እንዲህ ያለውን ተማሪ ስሙን እንዳይጠራና ለቅጣት እንዳያቀርብ በዛሬው ጉባኤ እንዲወስንልን እንጠይቃለን፤ የሚፈራ ጓደኛ በሽተኛውን ሸሽጎ ያሳድረዋልና።